ቡናና ጉልበት

"ቡና ጉልበት ይሰጣል" የማይል ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ፈተና በተቃረበ ቁጥር ቤተ መጻሕፍት የሚያመሸው ሁሉ፣ ከበሩ ማዶ ጀበና ጥደው ከሚቀመጡት እናቶች ዘንድ ሳይደርስ ደብተሩን አይገልጥም። የኳስ ተጫዋቾቻችንም አንዳንድ ሲኒ ሳይሉ ሜዳ አይገቡም። አንዱ "እግሬን ይፈታልኛል" ይላል፤ ሌላው "ጡንቻዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል" ይላል። ይህን ያለው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለሆነ ይቅር እንበለው። ለመሆኑ ግን ይገባል ወይ? ገብቶስ ምን ይሠራል?

እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝና ነገሩ መጀመሪያ የያዘኝ በቃሉ በኩል ነው። አማርኛችን "ጉልበት" ሲል ሁለት ነገር ይላል፤ አንደኛው ኀይል፣ ሁለተኛው ይኸው የምንንበረከክበት መገጣጠሚያ። የደከመው ሰው "ጉልበቴ ከዳኝ" ይላል እንጂ "ጡንቻዬ ከዳኝ" ሲል አልሰማሁም። ጡንቻ በአፋችን ትንሽ የነገር ሽታ አለው፤ "ጡንቸኛ" ያልነውን ሰው ማመስገናችን አይደለም። ጉልበት ግን የተከበረ ነው። የሰው ሀብቱ ነው። "ጉልበቱን ሸጦ የሚበላ" እንላለን፤ ማን ገዛው፣ ስንት ገዛው ብለን አንጠይቅም።

እኔ የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። አባቴ ጫኝና አውራጅ ናቸው። ከ20 ዓመት በላይ በቡና መጋዘን ጆንያ ተሸክመዋል፤ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ሁለት ሲኒ፣ ረፋድ ላይ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሦስት ይጠጣሉ። በትከሻቸው ያለውና በሲኒያቸው ያለው አንድ ነገር ነው ማለት ነው። አሁን አሁን የቀኝ ጉልበታቸው፣ ማለቴ መገጣጠሚያው፣ ማታ ማታ ያብጣል። እናቴ በሞቀ ጨው ውኃ ታሽላቸዋለች። "ትንሽ ቀናት ይረፉ" ስትላቸው "ቡናዬን ከጠጣሁ ምንም አልል" ነው መልሳቸው። እኔ እዚህ ተቀምጬ ግጥም የምተነትነው በዚያ ትከሻ ነው። ስለዚህ ቡናው በእርግጥ ለጡንቻቸው የሚሰጠው ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ ከየት አምጥቶም እንደሚሰጥ ማወቅ ነበረብኝ።

የዶርም ጓደኛዬ የባዮሎጂ ተማሪ ነው። ጥያቄዬን ስነግረው እንደ መሳቅ ብሎ "ቁም ነገሩ ካልሲየም ነው" አለኝ። ካልሲየም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አጥንትና ጥርስ፣ ቢበዛ ወተት ነው። እሱ ግን ታሪኩን ከለንደን ጀመረልኝ። እ.ኤ.አ. በ1883 ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ልቡ ከባለቤቱ ተለይቶ ረጅም ጊዜ ይመታል። ኋላ ሲጣራ ውኃው የተዘጋጀው ከቧንቧ ተቀድቶ ኖሯል። በንጹሕ የተጣራ ውኃ በተዘጋጀ ጊዜ ልቡ ብዙም ሳይቆይ ደከመና ቆመ። የለንደን የቧንቧ ውኃ በውስጡ ካልሲየም ነበረበት። ትንሽ ካልሲየም ሲጨመርበት ልቡ ተመለሰ። ጡንቻ ያለ ካልሲየም እንደማይሠራ ዓለም ያወቀው እንዲህ በቧንቧ ውኃ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ካልሲየሙ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ 80 ዓመት ያህል ወስዷል።

እንደገባኝ ላስረዳ። ጡንቻ እንደ ገመድ የብዙ ክሮች እስር ነው። እያንዳንዱ ክር አንድ ረጅም ሴል ነው። በክሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ዘንጎች ተደራርበው ተሰድረዋል፤ ቀጭኑ አክቲን፣ ወፍራሙ ማዮሲን ይባላል። ማዮሲን ብዙ ትናንሽ እጆች አሉት። በገመድ ጉተታ ጨዋታ እጅ በእጅ እየቀያየሩ እንደሚስቡት፣ እነዚህ እጆች አክቲንን እየያዙ እየለቀቁ ሲስቡት ክሩ ያጥራል። እኛ "ጡንቻ ተኮማተረ" የምንለው ይህን ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንዳይጎትቱ የሚከለክላቸው አለ። አክቲንን የሚጋርድ መሸፈኛ አለ፤ መሸፈኛውን የያዘ ትሮፖኒን የሚባል ጠባቂም አለ። ጠባቂው መሸፈኛውን ፈቀቅ የሚያደርገው ካልሲየም በእጁ ሲገባ ብቻ ነው። (ጉቦ አትሉትም?) ይህን ጠባቂ በ1960ዎቹ ያገኘው ሴትሱሮ ኢባሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ካልሲየም ይህን ያህል ሥልጣን አለው ሲባል ብዙዎቹ ሊቃውንት አይቀበሉም ነበር።

እንግዲህ ካልሲየም ትእዛዝ ከሆነ በየሜዳው ሊበተን አይገባም። ያረፈ የጡንቻ ክር ውስጥ በነጻ የሚንሳፈፈው ካልሲየም ከክሩ ውጭ ካለው ጋር ሲነጻጸር አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ለሥራ የሚያስፈልገው በጎተራ ተቆልፎ ይኖራል። ጎተራው በክሩ ውስጥ በዘንጎቹ ዙሪያ እንደ መረብ የተጠለፈ ከረጢት ነው፤ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይሉታል። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ሬቲኩለም በላቲን ትንሽ መረብ ማለት ነው። በጎተራው ግድግዳ ላይ በሮች አሉ። የበሮቹ ስም ራያኖዲን ተቀባይ ነው፤ ራያኖዲን ከአንድ የሐሩር አሜሪካ ተክል የሚገኝ መርዝ ሲሆን በነዚህ በሮች ላይ ስለሚጣበቅ ስሙን አወረሳቸው። የገዛ በራችን በመርዝ ስም መጠራቱ ይገርማል።

አባቴ ጆንያውን ሊያነሡ ሲያጎነብሱ የሚሆነው ይህ ነው። ከአንጎል የተነሣው ትእዛዝ በነርቭ ወርዶ ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ በክሩ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ማዕበል ይሮጣል፤ በጥቃቅን ቦዮች ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ በቦዩ ግድግዳ የተቀመጠ ፕሮቲን ማዕበሉን ሲሰማ የጎተራውን በር ይገፋል። በሩ ይከፈታል፤ ካልሲየሙ ይፈስሳል፤ ጠባቂው መሸፈኛውን ይገልጣል፤ እጆቹ ይስባሉ። ይህ ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ትእዛዙ ሲያበቃ ደግሞ በጎተራው ግድግዳ ያሉ ፓምፖች ካልሲየሙን ለቅመው መልሰው ያስገቡታል፤ ለዚህም ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ ያቃጥላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜአለሁ። ጡንቻ ለመጎተት ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ይከፍላል ማለት ነው። የሞተ ሰው አካል የሚደርቀውም በዚሁ ነው፤ ነዳጁ ሲያልቅ የማዮሲን እጆች የያዙትን መልቀቅ አይችሉም።

ካፌይን ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በበሩ በኩል ነው። የጎተራው በር አንድ ጠባይ አለው፤ ካልሲየም ራሱ ሲነካው ይከፈታል። ባረፈ ጡንቻ ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ግን በሩን አያነቃነቀውም። ካፌይን በበሩ ላይ ሲያርፍ በሩን ነገር ፈሪ ያደርገዋል። ያቺ ቀድሞ የማትቆጠረው ትንሽ ካልሲየም አሁን በቂ ትሆናለች። በሩ ከአንጎል ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ ይከፈታል፤ ጡንቻውም ይጎትታል። የጡንቻ ክሮችም በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም፤ ረጅም ሰዓት ቆመን የምንውልባቸው ዘገምተኞቹ ክሮች ለካፌይን ከፈጣኖቹ ይልቅ ቶሎ ይሸነፋሉ።

ይህን በወረቀት ሲነግረኝ አላመንኩትምና አንድ ቅዳሜ ወደ ላቦራቶሪያቸው ወሰደኝ። የተዘጋጀው የእንቁራሪት ስስ የጭን ጡንቻ ነበር። ስሙ ሳርቶሪየስ ነው፤ "የልብስ ሰፊው" ማለት ነው፤ በሰው ላይ ያለው አቻው እግርን አነባብረን ስንቀመጥ ስለሚሠራና ልብስ ሰፊዎች እንዲያ ስለሚቀመጡ ነው አሉ። ጡንቻው በራሱ በሪንገር ስም በሚጠራው የጨው ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ጫፉ ተቸንክሯል፤ ሌላው በክር ከትንሽ ብዕር ጋር ታስሯል፤ ብዕሩ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ይጽፋል። በኤሌክትሪክ ሲነኩት ብዕሩ ብድግ ብሎ ይወርዳል፤ እንደ መርፌ የቀጠነ ጫፍ ይሥላል። ደጋግመው አሳዩኝ። ከዚያ ሽቦውን ነቀሉት። ውኃውን ለውጠው በሊትር አንድ ግራም ያህል፣ በእነሱ አነጋገር 5 ሚሊሞል፣ ካፌይን ያለበትን አስገቡ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ብዕሩ መነሣት ጀመረ። እንደ ቅድሙ ብድግ አላለም፤ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። አይወርድም። ሽቦ የለ፣ ነርቭ የለ፣ እንቁራሪቷ ራሷ የለች። ሥጋው ግን ማንም ያላዘዘውን ሥራ ተሸክሞ ቆሟል። ባዮሎጂዎቹ ይህን ያዩት ብዙ ጊዜ ስለሆነ ስለ ምሳ ያወራሉ። እኔ ዐይኔን ከብዕሩ መንቀል አልቻልኩም። በመጨረሻ በንጹሕ የሪንገር ውኃ ሲያጥቡት መስመሩ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ይኸው ገባ እኮ!" ትላላችሁ። "ኳስ ተጫዋቹ እውነቱን ነው።" እስኪ ሒሳቡን እናድርገው። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ 40 ሊትር ያህል ውኃ አለ። ያንን ሁሉ ልክ እንደዚያ ብርጭቆ ለማድረግ 40 ግራም ካፌይን ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ሲኒ 100 ሚሊግራም ይይዛል ብንል 400 ሲኒ ባንድ ቁጭታ መጠጣት ነው። በረካውን ሳንቆጥር! ሰው ግን 10 ግራም ያህል ካፌይን ባንድ ጊዜ ከወሰደ ልቡ ሥርዓቱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ማለት የጭናችን ጎተራ በቡና ከመከፈቱ በፊት እኛው አንኖርም። ሁለት ሦስት ሲኒ በጠጣ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ካፌይን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮሞል በታች ነው፤ ይህም ያ ብዕር ከወጣበት መጠን ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ የሚሰማን ምንድን ነው? መልሱ ከጭን ሳይሆን ከራስ ቅል ውስጥ ነው። ሰው ነቅቶ በዋለ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አዴኖሲን የዚያው የኤቲፒ ስባሪ ነው። ነዳጁ ሲቃጠል የሚቀር አመድ በሉት። አመዱ በተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ "ደክሞሃል፣ ተኛ" ይላል። ካፌይን መልኩ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚቀራረብ የእሱን ወንበር ቀድሞ ይይዝና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ድካሙ አለ፤ አመዱም አለ፤ የሚናገርበት ወንበር ግን ተይዟል። ለዚህ ደግሞ ያቺ የሲኒ መጠን በቂ ናት። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ዘለሉ በሚባለው ተረት ሁላችንም የምናየው እግራቸውን ነው፤ የዘለለው ግን ራሳቸው ነው።

ከስፖርት በኩል ያለው ክርክር እንዲህ በቀላሉ እንደማይዘጋ ጓደኛዬ አስጠንቅቆኛል። ካፌይን ለሩጫና ለብስክሌት እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ከ1984 ጀምሮ መጠኑን ወስኖበት ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ2004 ነው። በኤሌክትሪክ በሚነዘር የሰው ጡንቻ ላይ ትንሽ ጭማሪ ያዩ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ስለዚህ በሩ በትንሹም ቢሆን ሳይነካ አይቀርም የሚሉ አልጠፉም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ አንጎል እንደሚያደላ አምናለሁ። ከ100 አንዱ ባልሞላ መጠን ጎተራ ተከፈተ ማለት ይከብደኛል።

ካፌይን እውነተኛውን የጡንቻ ሥራውን የሚሠራው በሆድ ገብቶ ሳይሆን በብርጭቆ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ እንደኛው ያለ አንድ ተማሪ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች፣ ዴንቦሮና ሎቬል፣ በሜልበርን ስለገጠማቸው የ21 ዓመት ወጣት ጻፉ። ልጁ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገብቷል። ከስብራቱ ይልቅ የፈራው ማደንዘዣውን ነበር፤ ከዘመዶቹ አሥሩ በኤተር ደንዝዘው በዚያው ቀርተዋልና። ኤተሩን ትተው ሃሎቴን የተባለውን አዲስ ማደንዘዣ ሰጡት፤ እሱም ሰውነቱን እንደ ምጣድ አጋለው። ሥራውን አቁመው በበረዶ አቀዘቀዙት፤ ዳነ። ኋላ እንደታወቀው በእንዲህ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ውስጥ የሚወረሰው ጉድለት ያለው በዚያው በጎተራው በር ነው። ማደንዘዣው በሩን ይበረግደዋል፤ በመላ አካል ያሉ ጡንቻዎች ያለ ትእዛዝ ይጎትታሉ፤ ፓምፖቹ ካልሲየሙን ለመመለስ ነዳጃቸውን ያነድዳሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው። ይህን ጉድለት አስቀድሞ ለማወቅ ከተጠርጣሪው ጭን ትንሽ ጡንቻ ይቆረጥና ካፌይን ባለበት ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ጤነኛው ጡንቻ ምንም በማይልበት በ2 ሚሊሞል ከተጎተተ በሩ የላላ ነው ማለት ነው። ዛሬ ዳንትሮሊን የሚባል በሩን የሚይዝ መድኃኒት አለ፤ ከእሱ በፊት አደጋው ከደረሰባቸው አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር።

የሥነ ጽሑፍ ወገኖቼ ደግሞ ይህን ስሙልኝ፤ ካፌይን ከቡና ተለይቶ እንዲወጣ የገፋው ገጣሚ ነው። በ1819 ጎተ ለወጣቱ ኬሚስት ለሩንገ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጥቶ "እስኪ መርምረው" አለው፤ ሩንገም ካፌይንን አገኘ። ተክሉ ራሱ ካፌይኑን የሚሠራው ተባይ እንዳይበላው ነው፤ የእኛን ፈተና አስቦ አይደለም።

በመጨረሻው ዕረፍት ቤት ስሄድ እናቴ ቡና አፍልታ አባቴ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎተራውን፣ በሩን፣ እንቁራሪቷን። አባቴ መጋዘን ያውቃሉና ጎተራው አልከበዳቸውም፤ እንዲያውም "በሩ ስንት ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ እጅግ ብዙ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወደ ፈለግሁት ነገር መጣሁ። "አባባ፣ ቡናው ጆንያውን አይሸከምም፤ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ቡናው የሚያደርገው የድካሙ ወሬ እንዳይደርስዎ ማገድ ነው። ጉልበትዎ ግን ቡና አልጠጣም፤ እሱ ያው ድካሙን ያውቃል" አልኳቸው።

እናቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ታዳምጣለች። አባቴ አቦሉን ጨርሰው ሲኒውን አስቀመጡ።

"ወሬው ቢደርሰኝስ ልጄ፣ ምን አደርገው ነበር?" አሉኝ።

የመኪናው ተራ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ያልመጣ ሰው ቀኑ እንደሚቆረጥበት፣ በእሳቸው ቦታ ሊገባ የሚጠብቀው ወጣት ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ ሁለት ዓመት እንደቀረኝም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። እናቴ ቶናውን ቀዳችላቸው። ትንሽ ቆይተው "ያ የእንቁራሪት እግር ግን፣ ሲያጥቡት ተመለሰ ነው ያልከኝ?" አሉ።

"ተመለሰ አባባ።"

"በስንት ደቂቃ?"

"እንጃ፣ ቀስ ብሎ ነው። ሰዓት አልያዝኩም።"

"መያዝ ነበረብህ" አሉና፣ ቶናቸውን ጠጥተው፣ ቀኝ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሡ።